ድመቷን ትንሽ ላም ያደረግሁበት እሑድ

ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳም ይላል ተረቱ። ተረቱን ያወጣው ሰው የእናቴን ድመት አላየም። እኔ ግን በአንድ ጠዋት ዓመሏን ሁሉ ስትረሳ አይቻታለሁ። ያስረሳኋትም እኔው ነኝ። ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

ሥራዬ የእንስሳት መድኃኒት መሸጥ ነው። ቡሬ ላይ፣ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ ከሚገነጠልበት ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ዲፕሎማዬ ግድግዳው ላይ በመስታወት ተሰቅሏል። ገበሬዎቹ «ዶክተር» ይሉኛል፤ አይደለሁም ብዬ ማረም ከተውሁ ቆይቻለሁ። ቁጡ ናት ይሉኛል፤ እሱም እውነት ነው። አንድ ሽማግሌ መጥተው ለበግ የገዙትን መድኃኒት ለውሻቸው እንዳጠጡት ሲነግሩኝ ደሜ ይፈላል። «ለማን እንደ ተሠራ ሳይጠይቁ እንዴት ይሰጣሉ? እንስሳ ሁሉ አንድ ነው እንዴ?» ብዬ እጮሃለሁ። በአንቱታ ነው የምጮኸው፤ ግን ጩኸቴ ከመንገዱ ማዶ ባጃጅ ተራ ድረስ ይሰማል። ባለ ባጃጆቹ «ዛሬ ደግሞ ማን ደረሰበት?» እያሉ ይሳሳቃሉ።

እናቴ ግን እኔን ስታምን ለጉድ ነው። የምትኖረው ከፍኖተ ሰላም የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ በሚወስድ መንደር ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ብቻዋን ናት፤ ታላቅ ወንድሜ በአጥር ተለይቶ አጠገቧ ያርሳል። በሄድሁ ቁጥር የራስ ምታት ክኒን፣ የጨጓራ ክኒን ይዤላት እሄዳለሁ። ለምን እንደሆነ ጠይቃኝ አታውቅም። እጄ ከቦርሳዬ ሳይወጣ አፏን ትከፍታለች። «አንች ከሰጠሽኝ ምን እጠይቃለሁ» ትላለች። ወንድሜ ይስቅባታል፤ «ይቺ ልጅሽ መርዝ ብትሰጥሽም አሜን ብለሽ ትውጭዋለሽ» ይላታል። እሷም «እንዴታ!» ትለዋለች። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ።

ድመቷ ግራጫ ናት፤ አንደኛው ጆሮዋ በጠብ የተተለተለ። ስም የላትም፤ እንደ ድመት ሁሉ «ውሮ» ነው የምትባለው። እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ አጥሩ በር ድረስ ትቀበላታለች። ጎታው ሥር የያዘችውን አይጥ አምጥታ እናቴ እግር ሥር ታስቀምጥና ምስጋና ትጠብቃለች። ማታ መደቡ ላይ የእናቴ እግር መሐል ተጠቅልላ ጉሮሮዋ ውስጥ ያን ድምጿን ታሰማለች። እናቴ ታዲያ «ዝም በሉ፤ ዳዊት እየደገመች ነው» ትለናለች። ባሏ ከሞተባት ወዲህ ቤት ውስጥ የምትሰማው ሌላ ድምፅ ያ ብቻ ነው።

ችግሩ ቁንጫ ነበር። እናቴን የለመዳት እንደሆነ እንጃ፤ እኔን ግን ባደርሁ ቁጥር ይበላኛል። ቡሬ ተመልሼ፣ የቁንጫና የመዥገር መድኃኒት የምሸጥ ሴትዮ፣ ደንበኛ ፊት ቆሜ እግሬን አካለሁ። እናቴ ወለሉን በእበት ትለቀልቃለች፣ መኝታውን ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፤ በሳምንቱ ቁንጫው ተመልሶ ይመጣል። «የድመቷ ነው፤ መድኃኒት ልቀባት» አልኋት አንድ ቀን። እናቴ ሥራዋን ሳታቋርጥ መለሰችልኝ።

«ድመት በምላሷ ነው የምትታጠብ። የቀባሽባትን ሁሉ ትበላዋለች። ተያት ልጀ።»

ሳቅሁባት። በልቤ ያልሁትንም እናገራለሁ፤ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ስለ መድኃኒት ምን ታውቃለች አልሁ።

በቀጣዩ ጉዞዬ፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ሱቅ ውስጥ ካለ ጠርሙስ ቂጥ የተረፈችውን መድኃኒት በስሪንጋ ቀድቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። ከላም ትከሻ ጀምሮ እስከ ጭራዋ ሥር በጀርባዋ የሚፈሰው፣ ቅባትነት ያለው መድኃኒት ነው። ጠርሙሱ ላይ የላም ሥዕል አለበት። የድመት ሥዕል የለበትም። ስሪንጋው ላይ ደግሞ ምንም ሥዕል አልነበረም፤ ስለዚህ መንደር ስደርስ ያን ሥዕል ረስቼዋለሁ።

ሒሳቡን በመንገድ ላይ፣ ሚኒባስ ውስጥ ሠራሁት። ላም በክብደቷ ይለካላታል፤ ድመት ደግሞ ከላም ይህን ያህል ታንሳለች። ሳካፍለው አንዲት ጠብታ ሆነች። ጠብታዋ ለዓይኔ አነሰችኝ፤ ትንሽ ጨመርሁባት። ድመቷን ትንሽ ላም አደረግኋት ማለት ነው። ስሕተቱ እዚያ ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ የመጣ ነው። እኛ አገር ክሊኒክ ድመት ይዞ የሚመጣ ሰው የለም። በትምህርት ቤትም ስለ ድመት የተማርነው አንድ ገጽ አይሞላም፤ እሱንም ለፈተና አይመጣም ብለን ዘለልነው።

እሑድ ጎሕ ሳይቀድ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቅዳሴ ሄደች። እኔ ደክሞኛል ብዬ ቀረሁ። ብታየኝ ሁለት ጊዜ እንደምትቆጣኝ አውቃለሁ፤ አንድ ስለ ድመቷ፣ ሁለተኛ በሰንበት ሥራ ስለ መሥራቴ። ፀሐይ ሲወጣ ድመቷን ጠራኋት። መጣች፤ ጭኔ ላይ ወጣች። ከማጅራቷ እስከ ወገቧ ጠጉሯን እየገለጥሁ አፈሰስሁላት፣ በጣቴም አሸሁላት። የምደባብሳት መስሏት ዳዊቷን ትደግም ነበር።

እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ ስሪንጋውን በጨርቅ ጠቅልዬ ደበቅሁት። ትንሽ ቆይቶ ቁንጫዎቹ እየተንከላወሱ ከጠጉሯ ሲረግፉ አየሁ። ደስ አለኝ። እናቴ ስትመለስ «አየሽ?» እንዴት እንደምላት እያሰብሁ ለብቻዬ ፈገግ አልሁ።

መጀመሪያ የተለወጠው ጆሮዋ ነው። ዝንብ እንዳረፈባት ያን የተተለተለ ጆሮዋን ደጋግማ ታራግፈው ጀመር። ዝንብ ግን አልነበረም። ቀጥሎ ጀርባዋን ላሰች፤ ላሰችና ምላሷን አውጥታ ቀረች። ከዚያ የፊት እግሯን አንስታ፣ ውሃ እንደ ረገጠች አራገፈችው፤ አስቀመጠችው፤ ደግሞ አነሣችው። የጀርባዋ ቆዳ ለብቻው ይርገበገብ ጀመር። «ውሮ?» ስላት ያየችኝ እንደ እንግዳ ነው። ወደ ኋላዋ ነው የሄደችው፤ ድመት የኋሊት ስትራመድ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ግድግዳ ሲያገኛት ደንግጣ ዘለለች። ከአፏ ለሃጭ ወርዶ ደረቷን አራሰው።

ያን የዘለልሁት ገጽ ያኔ ትዝ አለኝ። ሙሉውን አይደለም፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ። ድመት ይህን ዓይነት መድኃኒት በጉበቷ አፍርሳ ማስወጣት አትችልም ይላል። ለላምና ለበግ የሚቀለው ለድመት መርዝ ነው። በገዛ እጄ አሽቼላታለሁ።

ሳሙናና ውሃ ለማምጣት ስነሣ የአጥሩ በር ተከፈተ። እናቴ ናት። እንደ ልማዷ «ውሮ! ውሮዬ!» እያለች ገባች። የሚቀበላት ግን የለም። ቤት ገብታ ድመቷን ጥግ ላይ ተኮራምታ አየቻት። እኔ «ተያት!» ከማለቴ ጎንበስ ብላ አነሣቻት፤ ድመቷ ዞራ አውራ ጣቷ ሥር ነከሰቻት፤ ነክሳም አልለቀቀችም።

«ውሮ! እኔ ነኝ እኮ!» አለች እናቴ።

ሕመሙ አይደለም ያስጮኻት። የዚያን ጊዜ ድምፅዋ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ጩኸቷን ሰምቶ ወንድሜ እየሮጠ ገባ። በዚያው ወር አንዲት ያበደች ውሻ በመንደሩ አልፋ የሱን ጥጃ ነክሳበት ነበር፤ ጥጃው ተቀብሯል። ስለዚህ ለሃጩን አየ፣ የእናቴን ደም አየ፣ ሌላ ምን ይጠይቅ?

«አብዳለች!» ብሎ ዱላውን አነሣ።

ድመቷ የእናቴን እጅ ለቅቃ፣ ከዱላው አምልጣ ጎታው ኋላ ገባች። ያኔ መናገር እችል ነበር። አፌን ከፈትሁ። የወጣው ግን «እጅሽን እንጠበው፣ እምዬ» የሚል ነው። ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለረጅም ጊዜ አጠብሁት። በዚያ ጠዋት በትክክል የሠራሁት ነገር እሱ ብቻ ነው። ወንድሜ «ጠብቁኝ፤ አዋቂውን ይዣቸው እመጣለሁ» ብሎ ወጣ።

በእኛ መንደር ያበደ ነገር ነከሰው ከተባለ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ሥር አዋቂ ቤት ነው። የእኛ አዋቂ ከጅረቱ ማዶ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። መድኃኒታቸው የተወቀጠ ሥር ነው፤ የሚጠጣውም እህል ሳይቀመስ ነው። ሲጠጡት ከላይም ከታችም ያስወጣል። ጠንካራ ሰው ሦስት ቀን ተኝቶ ይነሣል፤ ጠጥቶ ያልተነሣ ጎረቤትም ነበረን። ሕግ ደግሞ አለው፤ የጠጣ ሰው አርባ ቀን ወንዝ አይሻገርም። ከተሻገረ መድኃኒቱ ይሽራል ይባላል።

እናቴ ከቅዳሴ ስለ መጣች እህል አልቀመሰችም። መደቡ ላይ ተቀምጣ፣ የተጠቀለለ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጎታውን ታያለች። ከጎታው ኋላ ድመቷ ግድግዳውን ስትቧጥጥ ይሰማናል።

«አርባ ቀን ወንዝ አልሻገርም ማለት ነው» አለች።

ገባኝ። በዚያ ሰሞን ከማኅበርተኞቿ ጋር ግሽ ዓባይ ልትሄድ ስንቋን አዘጋጅታ ጨርሳ ነበር። የስለት ጉዞ ነው፤ መንገዱም ወንዝ ያሻግራል። ስለቱም የእኔ ነው፤ ትምህርቴን ጨርሼ ያን ዲፕሎማ እንዳገኝ የተሳለችው። ዓመት በመጣ ቁጥር አንድ ነገር እየያዛት ሳታደርስ ኖራለች።

«ማኅበርተኞቹ ይሄዳሉ፤ እኔ እቀራለሁ። ምን ይደረግ» አለች። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አንች ታውቂያለሽ። ልጠጣው?»

በጠየቀችኝ ጊዜ ዓይኗ ውስጥ ምንም ጥርጣሬ አልነበረም። ጠጪ ብላት ትጠጣለች፤ አትጠጪ ብላት ትተወዋለች። እኔ ምን አልሁ? «እስቲ ጋሼ ይምጣና…» አልሁ፣ ወንድሜን ሰበብ አድርጌ። ራሷን ነቀነቀችልኝ፤ ልክ ትልቅ ምክር እንደ ሰጠኋት።

ለምን ዝም እንዳልሁ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። የእናቴን ቁጣ ፈርቼ አይደለም። «ዶክተር» የምትለውን ቃል ላለማጣት ነው። ለዚያች ለማይገባኝ ቃል ስል እናቴን መርዝ ፊት አስቀመጥኋት። ክፉ ሰው ነኝ ብዬ አላውቅም ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን በራሴ ደነገጥሁ።

ሽማግሌው መጡ። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ከእናቴ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀመጡና ይጠይቁ ጀመር።

«መቼ ነከሰችዎት፣ እሜቴ?»

«አሁን ጠዋት፣ አባ። ከቅዳሴ ስገባ።»

«ሌላ ሕመም አለብዎ? ልብዎን ያምዎታል? እህል ቀምሰዋል?»

እናቴ እየመለሰች፣ እሳቸው እየሰሙ፣ እኔ በሩ ሥር ቆሜ አዳምጣለሁ። እኒህ ሰው ለአንዲት ጉንጭ ይህን ሁሉ ይጠይቃሉ። እኔ ለድመቷ አንድም ጥያቄ አልጠየቅሁም።

መድኃኒቱን ይዘው ከመጡበት ቅል ቀንሰው በዋንጫ በጠበጡላት። አረንጓዴ፣ ድፍርስ ያለ ነገር ነው፤ ሽታው ከበሩ ድረስ መጣ። እናቴ አማተበች። ዋንጫውን በግራ እጇ ተቀብላ ወደ አፏ ስታስጠጋው እንዴት ከበሩ እንደ ተነሣሁ አላውቅም፤ እጇን ይዤዋለሁ።

«አትጠጪ! እኔ ነኝ! አላበደችም፤ መድኃኒት ቀብቻት ነው። ለቁንጫ ብዬ የላም መድኃኒት ቀባኋት!»

ጎታው ኋላ ድመቷ አሁንም ግድግዳውን ትቧጥጣለች።

«የላም?» አለ ወንድሜ። ዱላው ከእጁ ወደቀ። «ይህን ሁሉ ሰዓት ዝም ብለሽ? እኔን ጅረት ስታሻግሪኝ ዝም ብለሽ?»

ሽማግሌው ዋንጫውን ከእናቴ እጅ በቀስታ ወሰዱ። ወደ ውጭ ወጥተው አጥሩ ሥር ደፉት፤ ዋንጫውንም በአመድ አሹት። ሲመለሱ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፣ ልጀ» አሉኝ። «ግን ለማን እንደሆነ ሳልጠይቅ አልበጠብጥም።»

ቡሬ ላይ በአንቱታ እየጮህሁ የምናገረው የገዛ ቃሌ ነው። እሳቸው ዝግ ብለው ተናገሩት። መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድሁ።

ያ ሁሉ ሲሆን የባሰው ድንጋጤ ገና እየመጣ ነበር። ወንድሜ ፊቴ ቆመና «እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ። «ያች ውሻ እኮ በዚህ ደጅ አልፋለች። ድመቷንም ነክሳት ቢሆንስ?»

«እርግጠኛ ነኝ» ልል አፌን ከፈትሁ፤ ቃሉ አልወጣልኝም። መድኃኒቱ እንዲህ እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ሰዓቱም ይገጥማል። ግን በእናቴ ነፍስ ልማልበት? መድኃኒቱም የውሻ እብደቱም ያንቀጠቅጣል፣ ሁለቱም ለሃጭ ያመጣል፣ ሁለቱም የነበረውን ዓመል ያስረሳል። የሚለያቸው ቀን ብቻ ነው። ሰው የነከሰ ያበደ እንስሳ አሥር ቀን አይቆይም፤ ይሞታል። ድመቷ አሥር ቀን ከኖረች እብደት አልነበረም። በእኔ መድኃኒት ከሞተች ግን ማንም፣ እኔም ጭምር፣ ምን እንደ ነበር አያውቅም።

«እምዬ ዛሬውኑ ፍኖተ ሰላም ሄዳ የእብድ ውሻ መርፌውን ትጀምራለች» አልሁ። «ድመቷም መሞት የለባትም።»

ጆንያ ይዤ ጎታው ኋላ ገባሁ። ወንድሜ «ተይ፣ እኔ ልግባ» አለኝ፤ እንቢ አልሁ። ጆንያውን ጣልሁባትና አቅፌ አወጣኋት። በጆንያው በኩል ክንዴን ነከሰችኝ፤ አልለቀቅኋትም። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አጠብኋት፤ ቅባቱ ከጠጉሯ እስኪለቅ። እጄ ውስጥ እንደ ወንፊት ትንቀጠቀጣለች። በደረቅ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ከላይ የሚከደን ትልቅ ቅርጫት ውስጥ አድርጌ፣ ብርሃንና ድምፅ በማይደርስበት ጥግ አስቀመጥኋት። ከዚያ እናትና ልጅ፣ ሁለት የድመት ንክሻ ይዘን፣ በእግራችን ወደ ፍኖተ ሰላም ወረድን።

በመንገዱ ሁሉ እናቴ አልተናገረችኝም። ሐኪም ቤት ተራችንን ስንጠብቅ ብቻ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳደረገች፣ «በምላሷ ነው የምትታጠብ ብየሽ ነበር» አለች።

ሱቄን ዘግቼ መንደር ከረምሁ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ድመቷ ያለ ማቋረጥ ተንቀጠቀጠች። ከቅርጫቱ ቀዳዳ ሳያት ዓይኗ ፈጦ አያየኝም። ሌሊት እየተነሣሁ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። እናቴም ተኝታ አይደለም፤ «አለች?» ትለኛለች በጨለማ። «አለች» እላታለሁ። ሁለታችንም የምንጠይቀው ስለ ድመቷ ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን። በሦስተኛው ቀን ያስገባሁላትን ወተት ላሰች፤ እልል ልል ነበር። በአምስተኛው ቆመች፤ ግን ስትራመድ የኋላ እግሯ ይከዳታል። ወንድሜ በየማለዳው ወደ ሥራው ሳይሄድ ቅርጫቱ ጋ መጥቶ ይቆማል፤ ቀኑን በጣቱ ይቆጥራል፤ ከኔ ጋር አይነጋገርም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ወንድሜ ራሱ ቅርጫቱን ከፈተው። ድመቷ አንገቷን አውጥታ ቤቱን ቃኘች። ወጣች። ቀስ ብላ ወለሉን አቋርጣ መደቡ ላይ ወጣች፤ የእናቴን የተጠቀለለ እጅ አሸተተችና እግሯ መሐል ተጠቀለለች። ትንሽ ቆይቶ ያ ድምፅ ተሰማ።

«ዳዊቷን ጀመረች» አለች እናቴ፤ ያን ሁሉ ቀን ያላለቀሰችው ሴት ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች። ወንድሜም ወደ ውጭ ወጣ፤ ዓይኑን እየጠረገ እንደሆነ አውቃለሁ።

እኔም እጄን ዘረጋሁላት። አሸተተችው። ጆሮዋን አጣብቃ፣ ከእናቴ እግር ላይ ዘልላ ቆጡ ላይ ወጣች፤ እኔ እስክሄድ ድረስም አልወረደችም። ዛሬም መንደር ስሄድ፣ ድምፄን ከአጥር ውጭ ስትሰማ፣ ቆጥ ላይ ናት። ቁንጫው ደግሞ ተመልሷል። እያከክሁ አድራለሁ፤ አንድ ቃል አልናገርም።

እናቴ የመርፌዋን ቀን አስተካክላ ከማኅበርተኞቿ ጋር ግሽ ዓባይ ደርሳ ስለቷን አድርሳ መጣች። ይቅርታ ስለምናት «ተይው፣ አልፏል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው» አለችኝ፤ ግንባሬንም ሳመችኝ። እውነትም አለፈ ብዬ አመንሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ልትጠይቀኝ ቡሬ መጣች። የበርበሬ ገበያ ቀን ነበር፤ መንገዱ ታጭቋል፤ ፀሐዩና አቧራው ራሷን አሳመማት። ሱቄ ውስጥ፣ ከዲፕሎማዬ ሥር፣ አስቀመጥኋትና ከቦርሳዬ ክኒን አወጣሁ። እንደ ድሮው አፏን ትከፍታለች ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

አልከፈተችም። ክኒኑን በመዳፏ ተቀበለችው። አገላበጠችው። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው።

«ልጀ» አለችኝ፣ ቁጣም ነቀፋም በሌለው ድምፅ፤ «ይኸ ለማን የተሠራ ነው?»

እንደዚያች ድመት ሁሉ የእናቴም ዓመል መለወጡን ያኔ አየሁት።

«ለሰው ነው፣ እምዬ» አልሁ። ማሸጊያውን አውጥቼ ላነብላት ፈለግሁ፤ ግን ማንበብ አትችልም፤ ቃሌን ማመን ነው ያላት፤ ቃሌ ደግሞ ምን እንደሚመዝን ሁለታችንም እናውቃለን። እሷም ውሃውን በአንድ እጇ፣ ክኒኑን በሌላው እጇ ይዛ ታየኛለች። ስለዚህ ሌላ ክኒን ፈልቅቄ አፌ ውስጥ ጨመርሁና ፊቷ ቆሜ ዋጥሁት። ራሴን ምንም አላመመኝም ነበር። እናቴም በጉሮሮዬ ሲወርድ አይታ የራሷን ዋጠች።